ራሽ ወይስ ቪታራ? ያገለገለች ትንሽ የቤንዚን ኤስዩቪ የመምረጫ መመሪያ

«ቶዮታ ራሽ ልግዛ ወይስ ሱዙኪ ቪታራ?» ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እጠየቃለሁ። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን አዘጋጅቷል፣ ደላላው ሁለት ጊዜ ደውሎለታል፣ የቀረው የእኔ አንድ ቃል ብቻ ይመስለዋል። እኔ ደግሞ «ከኋላ ማን ነው የሚቀመጠው? ለበዓልስ ወዴት ነው የምትሄዱት?» ብዬ መልሼ ስጠይቅ ቅር ይለዋል። መልሱ ግን ያለው እዚያው ነው። በስልክ የምደጋግመውን እንግዲህ አንዴ በጽሑፍ ላስቀምጠው።

የነዳጅ መኪና ከውጭ ማስገባት በ2016 ዓ.ም ከተከለከለ ወዲህ ገበያ ላይ የሚያገኟቸው ሁለቱም በአብዛኛው ያገለገሉ ናቸው። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ጊዜ ነው የሚደረገው። መጀመሪያ ከሁለቱ ዓይነት አንዱን ይመርጣሉ፣ ከዚያ ፊትዎ የቆመችውን መኪና ይመረምራሉ። የመጀመሪያውን ቤትዎ ተቀምጠው ይጨርሱታል፣ ሁለተኛው ልብስ ያቆሽሻል።

የማወራው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2018 ወዲህ ስለተሠራችው አዲሷ ራሽና ከ2015 ወዲህ ስላለችው ቪታራ ነው። ግራንድ ቪታራ ስሟ ቢመሳሰልም ሌላ መኪና ናት፤ የዚህን ጽሑፍ ልኬት ለእሷ አይጠቀሙበት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ደብተርና እስክሪብቶ
- የብረት ሜትር
- የእጅ ባትሪ፤ የስልክ መብራት ሞተር ሥር ድረስ አይዘልቅም
- በቀጭን ጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት
- ነጭ ሶፍት
- መሬት ላይ የሚተኙበት ካርቶን
- የመኪና ስካነር (የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ያለው መካኒክ፤ ሻጩንም ደላላውንም የማያውቅ ይሁን
- በመኪናዋ የሚሄዱት የቤተሰብ አባላት፣ የሕፃን ወንበር ካለም ራሱ ወንበሩ

ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ሁሉም ሰው ይዘለዋል። አይዝለሉት።

ክፍል አንድ፦ ዓይነቷን መምረጥ

1. የአንድ ሳምንት መንገድዎን ይጻፉ

ከሰኞ እስከ እሑድ በየቀኑ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚነዱ፣ ስንት ሰው እንደሚጭኑ፣ መንገዱ አስፋልት፣ ኮብልስቶን ወይም ጭቃ መሆኑን ይመዝግቡ። ከዚያ በዓመት ውስጥ ከከተማ የሚወጡባቸውን ጉዞዎች ለብቻ ይጻፉ።

ይህ የሚያስፈልገው ሰው መኪና ሲገዛ የሚያስበው በዓመት አንዴ የሚሄድበትን መንገድ ስለሆነ ነው። ወላጆቹን ሊጠይቅ ገጠር የሚገባባትን ያቺን አንድ ቀን ያስብና ለቀሩት 364 ቀናት የማትመች መኪና ይገዛል። ተቃራኒውም አለ። በየሳምንቱ ግንባታ ቦታ የሚመላለስ ሰው መልኳን ወድዶ ዝቅ ያለችውን ይገዛና ሆዷን ድንጋይ ላይ ሲያስፈጭ ይከርማል።

2. ወንበሩን በሰው ይሙሉት

ራሽ በአብዛኛው ባለ 7 ወንበር ናት፣ ቪታራ ባለ 5። ወረቀት ላይ ይህ ብቻውን ጨዋታውን የሚጨርስ ይመስላል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ግን አዋቂ ሰው ያስቀምጡና አሥር ደቂቃ ይንዱ። ጉልበቱ ደረቱ ጋ ይደርሳል። ያ ረድፍ የልጆች ነው፤ ለአዋቂ ቢበዛ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ቢሆን ነው። ረድፉ ሲዘረጋ ደግሞ ከኋላው የሚቀረው ቦታ ለጥቂት ፌስታል ብቻ ነው። ሰባት ሰው ከነሻንጣው ወደ ሐዋሳ እወስዳለሁ ብለው ካሰቡ ሻንጣው ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ቁመቷ ከፍ ያለው መኪና ደግሞ ከላይ ይበልጥ ትከብዳለች።

የቪታራ የኋላ ዕቃ መጫኛ በወረቀት 375 ሊትር ነው። ለአራት ሰው የሳምንት ሻንጣ ይበቃል፣ ለጤፍ ኩንታል ግን የኋላውን ወንበር ማጠፍ ግድ ይላል።

የሕፃን ወንበር ካለዎት ገጥመው ይሞክሩት። የሕፃን ወንበር ሲገባ ከጎኑ ሁለት ሰው መቀመጡን፣ ፊት ያለው ተሳፋሪም ወንበሩን ወደፊት ሳይገፋ መመቸቱን ይዩ። ይህን በዓይን መገመት አይቻልም።

በዓመት ከአሥር ቀን በላይ ከአምስት ሰው በላይ የማይጭኑ ከሆነ ሰባት ወንበር ምክንያት አይሁንዎት። ለእነዚያ ቀናት ሚኒባስ መከራየት ይረክሳል።

3. ጉልበቷን በደጋ አየር ያስሉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልሂድበት።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በ2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የሚያቃጥለውን አየር በራሱ ትንፋሽ ስለሚስብ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል፤ በዚህ ከፍታ ላይ ወረቀት ላይ ከተጻፈለት ከአምስት አንድ እስከ ከአራት አንድ ያህል ያጣል። እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጡ ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

ራሽ ባለ 1.5 ሊትር ሞተር ስትሆን በወረቀት 104 የፈረስ ጉልበት አላት። አዲስ አበባ ላይ ወደ 80 ትወርዳለች። ክብደቷ 1,300 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ቱርቦ የሌላት ባለ 1.6 ሊትሯ ቪታራ በወረቀት ከ117 እስከ 120 ነች፤ እዚህ 90 ገደማ ይቀራታል፣ ክብደቷ ደግሞ እንደ ሥሪቷ ከ1,100 እስከ 1,200 ኪሎ ግራም ነው። አሁን አምስት ሰው ይጫኑ፣ 350 ኪሎ ግራም በሉት። በራሽ እያንዳንዱ ፈረስ 20 ኪሎ ግራም ያህል ይጎትታል፣ በቪታራ ደግሞ 16 ወይም 17። ይህ ልዩነት ሜዳ ላይ አይታወቅም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጡ ወይም ከጣርማ በር በፊት ከባድ መኪና ሊያልፉ ሲሞክሩ ግን ያውቁታል።

ሦስተኛ አማራጭ አለ፤ ባለ 1.4 ሊትር ቱርቦ ቪታራ። 140 የፈረስ ጉልበት አላት። ቱርቦ አየሩን አጭቆ ስለሚያስገባ ደጋ ላይ የምታጣው ከሌሎቹ በጣም ያነሰ ነው። ለዳገት ከሦስቱ የምመርጠው እሷን ነው። ግን ሁለት ነገር ትፈልጋለች። አንደኛ ዘይቷ በሰዓቱ መቀየር አለበት፤ የቱርቦዋ ዘንግ በዘይት ላይ ስለሚሽከረከር የቆየ ዘይት ቱርቦውን ይበላዋል። ሁለተኛ ከፍ ያለ ኦክቴን ያለው፣ ማለትም ያለጊዜው የማይቀጣጠል ቤንዚን ትወዳለች፣ በማደያዎቻችን ደግሞ መርጦ የመቅዳት ዕድል የለም። ስለዚህ ስትሞክሯት በዝቅተኛ ዙር ዳገት ላይ ነዳጅ ረግጠው ያዳምጡ። እንደ ጠጠር የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ከሰሙ ሞተሯ ነዳጁን ማቃጠል ካለበት ጊዜ ቀድሞ እያቃጠለ ነውና ይተዉአት።

ማስጠንቀቂያ፦ የሞተሩን ዓይነት ከሻጩ አፍ አይቀበሉ። ሊብሬ (የመኪናዋ የባለቤትነት ደብተር) ላይ የሞተሩ የሲሲ መጠን ተጽፏል። 1,400 አካባቢ ከሆነ ቱርቦዋ፣ 1,600 አካባቢ ከሆነ ቱርቦ የሌላት ናት።

4. የትኛው ጎማ እንደሚገፋ ይወቁ

በአገራችን ከፍ ያለች መኪና ሁሉ «ፎር ዊል» ናት። ሻጩ ሊዋሽ ፈልጎ ላይሆን ይችላል፣ እሱም እንደዚያ ብለው ነው የሸጡለት።

አዲሷ ራሽ በኋላ ጎማ ብቻ ነው የምትሄደው። ፎር ዊል ሥሪት የላትም። ቪታራ በሁለቱም ዓይነት ትመጣለች፤ በፊት ጎማ ብቻ የምትሄድና በአራቱም የምትሄድ። ለመለየት ከማርሽ ዘንጉ ኋላ፣ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ይመልከቱ። አራት ምርጫ ያለው ክብ ማዞሪያ ካለ ባለ አራት ጎማ ናት። ካላመኑ ካርቶኑን አንጥፈው ከሥሯ ይተኙ። ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ረጅም ዘንግና በኋላ ጎማዎች መካከል ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው) ካላዩ፣ ወሬው ወሬ ነው።

ጭነት ጭነው ዳገት ሲወጡ ክብደቱ ወደ ኋላ ይዞራል። ያኔ የራሽ የኋላ ጎማዎች መሬቱን ይበልጥ ይቆነጥጣሉ፣ የፊት ጎማዋ የምትገፋው ቪታራ ግን አፍንጫዋ ቀልሎ በጠጠር ላይ ጎማዋን ታሽከረክራለች። ባዶዋን በክረምት ጭቃ ሲሄዱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ቪታራ የሞተሯ ክብደት የሚገፉት ጎማዎች ላይ ስላረፈ ትወጣለች፣ ራሽ ጅራቷን ወደ ጎን ትወስዳለች። ስለዚህ «ለገጠር የቱ ይሻላል?» ለሚለው መልሱ ጭነው ነው የሚሄዱት ወይስ ባዶ ነው። ጭቃው የየሳምንት ጉዳይ ከሆነ ግን ያለ ማቅማማት ባለ አራት ጎማዋን ቪታራ ይፈልጉ።

5. ከፍታዋንና ግቢዎን ይለኩ

ራሽ ከመሬት 220 ሚሊ ሜትር ከፍ ትላለች፣ ቪታራ 185። የሦስት ተኩል ሳንቲም ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ወደ ግቢ የሚያስገባው መወጣጫና በየሰፈሩ ያለው ቁመቱ ያልተለካ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ግን ትልቅ ነው። ቁጥሩን ብቻ አይመኑ፣ ሞላው የደከመች መኪና ሁለት ሳንቲም ልታንስ ትችላለች። ከሥሯ ዝቅ ያለውን ቦታ ፈልገው በሜትር ይለኩ።

ርዝመት፦ ራሽ 4.435 ሜትር፣ ቪታራ 4.175 ሜትር።
ስፋት፦ ራሽ 1.695 ሜትር፣ ቪታራ 1.775 ሜትር።
ቁመት፦ ራሽ 1.705 ሜትር፣ ቪታራ 1.61 ሜትር።

በሩ ጠባብ የሆነ ግቢ ካለዎት የራሽ ስምንት ሳንቲም መጥበብ ያድናል። ግቢው አጭር ከሆነ ወይም የኮንዶሚኒየም ማቆሚያ ላይ ተፋፍገው ከሆነ የቪታራ ማጠር ያድናል። ራሽ ቁመቷ ከፍ ያለና ጠባብ መሆኗ ሌላ ዋጋም አለው፤ በፍጥነት ኩርባ ላይ ትወዛወዛለች። በፍጥነት መንገድ ወደ አዳማ የሚመላለስ ሰው ቪታራን ይወዳታል።

6. የመለዋወጫ ዋጋ ከመኪናዋ በፊት ይጠይቁ

አንድ ከሰዓት ሶማሌ ተራ ይሂዱ፣ ሦስት ሱቅ ይግቡ፣ ለሁለቱም መኪኖች የእነዚህን ዋጋ ጠይቀው ይጻፉ፦ የፊት ፓራውልት፣ የፊት መብራት፣ ስፖኪዮ፣ የፍሬን ሸራ፣ የፊት ሾክ አብዞርበር፣ የጎማ ኩሽኔታ፣ ራዲያተር፣ የዘይት ፊልትሮ። ከዋጋው በላይ ግን መልሱን ይመዝግቡ። «አለ» ማለትና «ነገ እናስመጣለን» ማለት አንድ አይደለም። መኪና ጋራዥ ውስጥ ሁለት ሳምንት የምትቆመው ዕቃው ውድ ስለሆነ አይደለም፣ ስለሌለ ነው።

የስፖኪዮውን ዋጋ ሲሰሙ አይደንግጡ። ማታ መንገድ ዳር ማደር የሌለባት መኪና መሆኗን ያስታውሱበት።

7. የነዳጅ ወጪውን ራስዎ ያስሉ

የሻጭ «በሊትር 16 ትሄዳለች» ለማንም አይጠቅምም። የሚያውቁት ሰው ራሽ ወይም ቪታራ ካለው ይህን እንዲያደርግልዎ ይለምኑት፤ ማደያ ሄዶ ታንኩን አፉ እስኪል ይሙላ፣ ኪሎ ሜትሩን ይጻፍ፣ ሳምንት ይንዳ፣ እዚያው ማደያ መልሶ አፉ እስኪል ይሙላ። የገባውን ሊትር በሄደው ኪሎ ሜትር አካፍሎ በ100 ማባዛት ነው። ለምሳሌ 420 ኪሎ ሜትር ሄዶ 38 ሊትር ከገባ፣ በመቶ ኪሎ ሜትር 9 ሊትር በላች ማለት ነው። ያንን በወር ኪሎ ሜትርዎ አባዝተው በ100 ያካፍሉት፤ የወሩ ሊትር እሱ ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የራሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ባለ 4 ማርሽ ነው፣ የቪታራ በአብዛኛው ባለ 6። ረጅም ጉዞ ላይ ራሽ በከፍተኛ ዙር ትጮኻለች። በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ልዩነቱ ያንን ያህል አይሰማም።

ክፍል ሁለት፦ መኪናዋን መመርመር

8. ጠዋት፣ ሞተሯ ሳይነሳ ይድረሱ

ለሻጩ «ሳልመጣ እንዳታስነሳት» ይበሉ። ሲደርሱ መጀመሪያ ኮፈኗን በእጅዎ ይንኩ። ሞቅ ካለች ተነስታለች፣ ሌላ ቀን ይመለሱ። እኔ ራሴ አንዴ ከሰዓት በኋላ የሞቀች ቪታራ አይቼ «ውሰዳት» ብዬ ጓደኛዬን አስገዝቻለሁ። በማግስቱ ጠዋት ስትነሳ የሰማነው ድምፅ ለብዙ ወር አላስተያየንም።

ሞተሩ ሳይነሳ፦ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው በነጭ ሶፍት ይጥረጉ። ጥቁር ዘይት ምንም አይደለም፣ የደለለ ወይም የብረት ብናኝ የሚያብረቀርቅበት ዘይት ግን ችግር ነው። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ውስጡን ይዩ። እንደ ማኪያቶ አረፋ ያለ ነገር ካለ ውሃና ዘይት ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል፤ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጥገና ማለት ነው። የራዲያተሩን ውሃ ቀለም ይመልከቱ፤ ዝገት የመሰለ ከሆነ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ሲጨመርላት ኖሯል።

ማስጠንቀቂያ፦ የራዲያተር ክዳን የሚከፈተው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ብቻ ነው። የሞቀ ራዲያተር ሲከፈት የሚፈላው ውሃ ፊት ላይ ነው የሚያርፈው።

ከዚያ ያስነሱት፣ አንድ ሰው ማርሚታው (የጭስ መውጫው) ጋ ይቁም። ጠዋት ነጭ እንፋሎት ወጥቶ ቢጠፋ እርጥበት ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው። የሁሉም ሞተሮች ጥርሶች የሚገናኙት በሰንሰለት ነው፤ ሲነሳ ከአንድ ሁለት ሰከንድ በላይ የሚዘልቅ የሰንሰለት መንቀጫቀጭ ከሰሙ መካኒኩን ጠርተው ያስደምጡት።

9. ላሜራውን በማግኔትና በዓይን ያንብቡ

ማግኔቱን በየበሩ፣ በኮፈኑና በጎማዎቹ ዙሪያ ያስጠጉ። አንዱ ቦታ ላይ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ። ፓራውልቱና በጎማዎቹ ዙሪያ ያለው ጥቁር ጠርዝ ፕላስቲክ ስለሆኑ እዚያ አለመያዙ ምንም አይደለም።

በየመስታወቱ ጥግ ያለውን የአምራች ምልክት ያወዳድሩ። አንዱ ብቻ የተለየ ከሆነ ተሰብሮ ተቀይሯል፤ ለምን እንደተሰበረ ይጠይቁ። የደኅንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስበው ከታች ያለውን ጨርቅ ይመልከቱ። እዚያ የምርት ቀኑ አለ። የቀበቶው ዓመት ከሊብሬው ዓመት በኋላ ከሆነ ቀበቶው ተቀይሯል ማለት ነው፤ ቀበቶ ደግሞ በአብዛኛው የሚቀየረው ከከባድ ግጭት በኋላ ነው። የበሮቹንና የኮፈኑን ቡሎኖች ይዩ። ቀለማቸው የተፈለፈለ ከሆነ ተፈትተው ታስረዋል።

ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ ቁጥር አለ። 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢያምርም ስድስት ሰባት ዓመት ያለፈው ጎማ ደርቋል፣ የአራት ጎማ ዋጋ ከመኪናዋ ላይ ይቀንሱ። የስኮርት ጎማዋንና ክሪኳን ሻጩ አውጥቶ ያሳይዎት።

10. ስካነሩን ይሰኩ

መካኒኩ የስህተት ኮድ ብቻ ሳይሆን መኪናዋ ራሷን የፈተሸችበትን ሁኔታ እንዲያይ ይንገሩት። ኮድ የለም ማለት ጤነኛ ናት ማለት አይደለም። ሻጩ ትናንት ማታ ኮዱን አጥፍቶት ከሆነ ስካነሩ ላይ አብዛኛው ፍተሻ «አልተጠናቀቀም» ይላል። እንደዚያ ካለ ጥቂት ቀን ተነድታ እንደገና ትታይ።

11. ጭነው ይንዱ

ብቻዎን አይሞክሯት። ቤተሰቡን ይጫኑ፣ ዳገት፣ ኮብልስቶንና ቀጥ ያለ አስፋልት ያለበት መንገድ ይምረጡ፣ ሬዲዮውን ይዝጉ።

ራሽ ላይ፦ በ60 እና በ80 መካከል ከኋላ የሚመጣ «ኡኡኡ» የሚል ዜማ አለ? ነዳጁን ሲለቁ ድምፁ ከተቀየረ ዲፈረንሻሉ ሊሆን ይችላል። በተወሰነ ፍጥነት ወለሉ ከነዘረ ረጅሙን ዘንግና እሱን የሚያገጣጥሙትን መስቀሎች ያስፈትሹ።

ቪታራ ላይ፦ ባዶ ሜዳ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው አጥፈው በዝግታ ክብ ይዙሩ፣ ከዚያ በሌላው አቅጣጫ። ከፊት ጎማ በኩል «ቀጭ ቀጭ» ካለ ጉልበት ወደ ጎማው የሚያሻግረው የፊት ዘንግ መጋጠሚያ አልቋል። ባለ አራት ጎማ ከሆነች ማዞሪያውን በየምርጫው አዙረው ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ መቀየሩን ይዩ። ለረጅም ጊዜ ያልተነካ ነገር ይነቅዛል።

ማንዋል ከሆነች ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ይርገጡ። ዙሩ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። አውቶማቲክ ከሆነች ከቆመችበት ማርሽ ስታስገቡ መንጨት ወይም ከአንድ ሰከንድ በላይ መዘግየት የለባትም።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዙ መሪው ከተንቀጠቀጠ የፍሬኑ ዲስክ ጎብጧል። እንደ ዓባይ በረሃ ባለ ከ1,000 ሜትር በላይ በሚወርዱበት መንገድ በፍሬን ብቻ የወረደች መኪና ዲስኳ እንዲህ ይሆናል። እርስዎም ሲገዟት በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱባት።

12. ወረቀቱ

የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር በገዛ ዓይንዎ ያስተያዩ፤ ፎቶ አይበቃም። ፋይሉ ያለበት መሥሪያ ቤት ሄደው ዕዳና ዕገዳ እንደሌለባት ያረጋግጡ፤ በባንክ ብድር የተያዘች መኪና ላይ ሰው ገንዘቡን ያጣል። ቦሎዋ የዘንድሮ መሆኑን ይዩ። ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች ቀረጧ ሳይከፈል ስም አይዞርም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባል ወይም ሚስት አብረው መፈረም አለባቸው፣ ያላገባ ከሆነም ማስረጃውን ያምጣ። በውክልና የሚሸጥ ሰው ከመጣ ውክልናው «መሸጥ» የሚል ቃል እንዳለውና እንዳልተሻረ ሰነዶች ማረጋገጫ ውስጥ ይጠይቁ። ክፍያው በባንክ ይሁን።

የተለመዱ ስህተቶች

ቀብድ ቀድሞ መክፈል። «ሌላ ሰው መጥቶባታል» የሚለው ቃል የደላላ የዕለት እንጀራ ነው። መካኒክዎ ሳያያት አንድ ብር አይስጡ።

በኪሎ ሜትር ንባብ መመካት። ንባቡን መመለስ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። 60,000 የሚል ዳሽቦርድ ካዩ የፍሬን መርገጫውን ጎማ፣ የመሪውን ቆዳና የሹፌሩን ወንበር ጠርዝ ይዩ። ያለቀ መርገጫ 60,000 ላይ አይገኝም።

ዓይነቷን መርጦ ሁኔታዋን መርሳት። ጽሑፉን አንብበው ቪታራ ትሻለኛለች ቢሉም፣ ያገኟት ቪታራ የተጋጨች፣ ጎረቤትዎ የሚሸጣት ራሽ ደግሞ በሰርቪስ ደብተሯ ያደገች ከሆነች ራሽዋን ይግዙ።

በገዙ ማግስት ረጅም ጉዞ መውጣት። ዘይት፣ ፊልትሮና ካንዴላ ይቀየሩ፣ የፍሬን ዘይት ይታይ፣ ሁለት ሳምንት ከተማ ውስጥ ይንዷት። የሚፈስ ነገር ካለ የቆመችበት ቦታ ላይ ያደረ ጠብታ ይነግርዎታል፤ ማታ ከሥሯ ካርቶኑን አንጥፈው ያሳድሩት።